ፋኖሱን አትብሺው

ሰላም እህቴ። ለንደን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሽውን የቪክቶሪያ ዘመን ፋኖስ ፎቶ አየሁት። «ብርጭቆው ላይ ቀርከሃና ወፍ አለ፤ የቻይና ይሆን እንዴ? ቅዳሜ ሰው መጥቶ ለኤሌክትሪክ ገመድ ሊበሳልኝ ነው» ብለሻል። የኔም ቁርጥ ያንቺን ነበር የሚመስለው፤ ስለዚህ ስሚኝ።

1. ቀርከሃው አያስደንግጥሽ፤ የቻይና ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1862 በለንደኑ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የጃፓን ዕቃ ለሕዝብ ከታየ በኋላ እንግሊዞች በጃፓን ጌጥ አበዱ። ዲዛይነሩ ክሪስቶፈር ድሬሰር በ1876 መጨረሻ ጃፓን ድረስ ሄዶ በዓይኑ አይቶ ተመለሰ። የፋኖስሽ እግር ደግሞ የጥንት ግሪክና ሮም አምድ ነው። ከታች አምድ፣ ከላይ ቀርከሃ! የዚያ ዘመን ሰው ይህን ማጋባት ምንም አይመስለውም ነበር። እኔን የማረከኝም እሱ ነው።

2. የክሩን ማዞሪያ እዪ። ሁለት ትንንሽ ማዞሪያዎች ጎን ለጎን ካሉ፣ በ1865 የእንግሊዝ በርሚንግሃም ከተማ ፋኖስ ሠሪዎቹ ሂንክሶች ፓተንት (የፈጠራ መብት) ያወጡበት ባለ ሁለት ክሩ «ዱፕሌክስ» ዓይነት ነው። ብዙ ጊዜ ስማቸው ማዞሪያው ላይ በደቃቁ ተቀርጿል። የኔ ላይ ነበር።

3. ፋኖሱን ማንም እንዲበሳው አትፍቀጂ! በ180 ፓውንድ የገዛሁትን ይዤ አንድ መብራት ቤት ሄድኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «10 ደቂቃ ነው» አለ። ድሪሉን የናሱ ጋዝ መያዣ ላይ ሲያሳርፈው፣ ቢጫ ፍቅፋቂ ጋዜጣው ላይ ረገፈ። ቆሜ አየሁ እንጂ ተው አላልኩትም። ከዓመት በኋላ ቸግሮኝ ልሸጠው አንድ ነጋዴ ዘንድ ወሰድኩት። ገልብጦ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከተተና ቃል ሳይተነፍስ መለሰልኝ። ስለምነው 30 ፓውንድ ሰጠኝ። 150 ፓውንዴ በዚያች ቀዳዳ ፈሰሰ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን ሌላ ገዝቻለሁ። ለዱፕሌክስ ተብሎ የተሠራ የአምፖል መግጠሚያ ይሸጣል። መጀመሪያ ላምባውን አንጠፍጥፌ ደፋሁ። ከዚያ የሚነደው ክር ያለበትን አናት ፈትቼ መግጠሚያውን በቦታው አስገባሁ፤ ገመዱ ከላይ በጎን በኩል ይወጣል። ናሱ አንድ ጭረት አልነካውም። ዋናውን አናት በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ማንንም ሳልለምን በገዛ እጄ ነው የሠራሁት።

የማዞሪያውን ፎቶ አቅርበሽ አንሺና ላኪልኝ፤ የትኛው መግጠሚያ እንደሚሆንሽ እነግርሻለሁ። የቅዳሜውን ሰው ግን ዛሬውኑ ደውለሽ አስቀሪው።