የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጨዋታ አስተላላፊው ለማን ይወግን?

በዚህ እትም ከደሴና ከኮምቦልቻ ስለ አሜሪካ የስፖርት ጨዋታ አስተላላፊዎች የደረሱንን አራት ጥያቄዎች እንመልሳለን። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት የአሜሪካ ዓመታትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

በሆጤ በሚደረጉ የሰፈርና የትምህርት ቤት ውድድሮች ላይ በድምፅ ማጉያ ጨዋታ አስተላልፋለሁ። ለሰፈሬ ልጆች ታደላለህ እየተባልኩ እወቀሳለሁ፤ «ራስህ ሳትጫወት ስለ ኳስ ምን ታውቃለህ?» የሚሉኝም አሉ። በአሜሪካ እያንዳንዱ ክለብ የራሱ አስተላላፊ አለው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ፣ እነዚህ ሰዎች ለክለባቸው አያደሉም? ስመ ጥር የሆኑትስ ሁሉም የቀድሞ ተጫዋቾች ናቸው?

መልስ

የሰሙት እውነት ነው። በእኛ አገር አስተላላፊው የጣቢያው ሰው ነው፤ ደምሴ ዳምጤ ለመላው አገር ሲያስተላልፍ ብሔራዊ ቡድኑን ቢደግፍ አድማጩ አብሮት ይደግፍ ስለነበር ቅር የሚለው አልነበረም። በአሜሪካ ግን፣ በተለይ በቤዝቦልና በቅርጫት ኳስ፣ አንድ ሰው የአንድን ክለብ ጨዋታዎች ዓመቱን ሙሉ ተከትሎ ያስተላልፋል። በቤዝቦል ይህ ማለት በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ነው። ደመወዙን የሚከፍለው ክለቡ ወይም ከክለቡ ጋር የተዋዋለው ጣቢያ በመሆኑ፣ እርስዎ የተወቀሱበት ጉዳይ እዚያም ሲያከራክር የኖረ ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ ስሙ በቅድሚያ የሚነሳው የቤዝቦል አስተላላፊው ሬድ ባርበር ነው። በ1934 በሲንሲናቲ ጀምሮ ከ1939 እስከ 1953 የብሩክሊን ዶጀርስን፣ ከዚያም የኒው ዮርክ ያንኪስን ጨዋታዎች አስተላልፏል። ባርበር ከማይክሮፎኑ አጠገብ ሦስት ደቂቃ የምትለካ የአሸዋ ሰዓት ያስቀምጥ ነበር፤ አሸዋው ባለቀ ቁጥር ውጤቱን ይናገርና ሰዓቷን ይገለብጣታል፤ ምክንያቱም ሬዲዮውን ገና አሁን የከፈተ አድማጭ ሁልጊዜ አለ። ይህ ጥንቃቄው ለክለቡ ባለቤቶች ስሜት አይመለስም ነበር። በሴፕቴምበር 1966 ያንኪስ በሊጉ ግርጌ በነበረበት ጊዜ፣ በዚያ ግዙፍ ስታዲየም ለአንድ ጨዋታ የገባው ተመልካች 413 ብቻ ሆነ። ባርበር ካሜራው ባዶውን መቀመጫ እንዲያሳይ ጠየቀ፤ አልተፈቀደለትም። እሱ ግን የዕለቱ ወሬ ጨዋታው ሳይሆን ይህ ባዶ መቀመጫ መሆኑን በአየር ላይ ተናገረ። ብዙም ሳይቆይ ውሉ እንደማይታደስ ተነገረው።

ከእሱ በተቃራኒ የቆመው ሃሪ ኬሪ ነው። በሴንት ሉዊስ ለ25 የውድድር ዘመናት፣ በኋላም በቺካጎ ለሁለቱም የከተማዋ ክለቦች ሠርቷል፤ ክለቡ ሲያሸንፍ ይጮሃል፣ ሲሸነፍ በገሃድ ያማርራል፣ የራሱን ተጫዋች ስህተትም ያለ ርኅራኄ ይናገራል። በእኔ አስተያየት ኬሪን አድሏዊ ብሎ ማጣጣል ተገቢ አይደለም። ደጋፊነቱን አልደበቀም፤ የሜዳውንም እውነት አልቀየረም። ጉዳት የሚመጣው አስተላላፊው ስለወደደ ሳይሆን የሌለውን አየሁ ሲል ነው። ለነገሩ ፈጥሮ መናገርም በአሜሪካ ሬዲዮ የራሱ ታሪክ አለው፦ በ1930ዎቹ በዴሞይን ከተማ የነበረ አንድ ወጣት አስተላላፊ የቺካጎን ጨዋታዎች ሜዳው ሳይደርስ፣ በቴሌግራፍ ከሚመጣለት አጭር መልእክት እየተነሳ፣ ልክ እንደሚያይ ሰው ይተርክ ነበር። አንድ ቀን መስመሩ ሲቋረጥበት መስመሩ እስኪመለስ ድረስ መቺውን ኳስ ከጎን መስመር ውጭ ደጋግሞ እንዲመታ እንዳደረገው ራሱ በኋላ እየሳቀ ይናገር ነበር። ያ ወጣት ሮናልድ ሬገን ነው፤ ከ1981 እስከ 1989 አገሪቱን በፕሬዚዳንትነት መርቷል።

ለእርስዎ ሁኔታ ግን ከሁሉም የሚቀርበው ቪን ስካሊ ነው። በ1927 ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ተወለደ፤ በልጅነቱ ከትልቁ የቤት ሬዲዮ ሥር ገብቶ እየተኛ የተመልካቹን ጩኸት ያዳምጥ ነበር። በ1949 ባርበር ቦስተን ሄዶ አንድ የኮሌጅ ፉትቦል (በእጅ ጭምር የሚያዝ ሞላላ ኳስ ያለው የአሜሪካ ጨዋታ) ግጥሚያ እንዲያስተላልፍ ላከው። የሚሠራው በክፍል ውስጥ መስሎት ካፖርቱንና ጓንቱን ሆቴል ትቶ ሄደ፤ የተሰጠው ቦታ ግን የስታዲየሙ ጣሪያ ነበርና፣ ረጅም የማይክሮፎን ገመድ እየጎተተ በኅዳር ብርድ ጨዋታውን ሲከታተል ዋለ፤ ስለ ብርዱም በአየር ላይ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከጦሳ የሚወርደውን ነፋስ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። በሚቀጥለው ዓመት ዶጀርስ ቀጠረው፤ ክለቡ በ1958 ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር አብሮ ሄደ፤ በ2016 ጡረታ እስኪወጣ ድረስም 67 የውድድር ዘመናትን ለአንድ ክለብ አስተላለፈ። ያረፈው በ2022፣ በ94 ዓመቱ ነው።

ሎስ አንጀለስ ላይ ዶጀርስ መጀመሪያ የተጫወተበት ኮሊሲየም ለቤዝቦል ያልተሠራ፣ መቀመጫው ከሜዳው እጅግ የራቀ ስታዲየም ስለነበር፣ ሕዝቡ ትንንሽ ትራንዚስተር ሬዲዮ ይዞ እየገባ ዓይኑ ፊት የሚደረገውን ጨዋታ ከስካሊ አንደበት ይሰማ ነበር። በ1960 አንድ ቀን ስካሊ ከዳኞቹ የአንዱ ልደት መሆኑን ሲናገርና «ሦስት ስል አብረን መልካም ልደት እንበለው» ሲል፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ ዳኛውም ግራ ተጋባ። እንግዲህ የእርስዎም አድማጭ እንዲሁ ነው፤ ሜዳውን በዓይኑ እያየ ይሰማዎታል፤ የሁለቱም ቡድን ደጋፊ ከአንድ ድምፅ ማጉያ ሥር ተቀምጧል። ኳሱ መስመር ሳያልፍ «አለፈ» ቢሉ ሆጤ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ምስክር ይሆንብዎታል።

የስካሊ ሚዛናዊነት ከፍ ብሎ የታየው ኤፕሪል 8 ቀን 1974 አትላንታ ላይ ነው። የአትላንታው ተጫዋች ሃንክ አሮን 715ኛ ሆም ራኑን (ኳሱን ከሜዳው አጥር በላይ የሚያሳልፍ ምት) መትቶ የቀድሞውን ስመ ጥር ተጫዋች የቤብ ሩትን ክብረ ወሰን ሰበረ። ኳሱን የወረወረው የዶጀርስ ተጫዋች ነበር፤ ስለዚህ የተመታው የስካሊ ክለብ ነው። ስካሊ ኳሱ አጥሩን ማለፉን ተናግሮ ዝም አለና አየሩን ለሕዝቡ ጩኸት ለቀቀ። ሲመለስም አንድ ጥቁር ሰው በአገሪቱ ደቡባዊ ግዛት ሕዝብ ቆሞ ሲያጨበጭብለት ማየት ለአገሪቱም ለዓለምም ምን ያህል ታላቅ ነገር እንደሆነ ተናገረ። ዝርዝር ቁጥር ከማብዛት ይልቅ ይህን መምረጡ፣ ከሃያ ዓመታት በላይ በየዕለቱ ሜዳ የዋለ ሰው ብስለት ይመስለኛል።

መጫወትን በተመለከተ፦ ባርበርም ስካሊም በትልቁ ሊግ አልተጫወቱም። ሃዋርድ ኮሴል እንዲያውም ጠበቃ ነበር፤ ከ1970 እስከ 1983 የሰኞ ማታ ፉትቦል ስርጭት ላይ ሠርቷል፤ የቀድሞ ተጫዋቾች በዝናቸው ብቻ ማይክሮፎን መያዛቸውንም አጥብቆ ይነቅፍ ነበር። በ1967 መሐመድ አሊ ለውትድርና አልዘምትም በማለቱ ማዕረጉን ሲነጠቅ በግልጽ ከጎኑ ከቆሙት ጥቂት ጋዜጠኞች አንዱ ነው። በአንጻሩ ጆን ማደን የፉትቦል ክለቡ የኦክላንድ ሬደርስ አሠልጣኝ ሆኖ የሊጉን ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ካሸነፈ በኋላ ነው ተንታኝ የሆነው፤ በቴሌቪዥኑ ምስል ላይ መስመር እየሳለ ማን ማንን እንዳገደ ያሳይ ነበር። የሥራ ክፍፍሉን ልብ ይበሉ፦ የቀድሞ ተጫዋችና አሠልጣኝ አብዛኛውን ጊዜ «ለምን ሆነ?» የሚለውን ያብራራል፣ «ምን ሆነ?» የሚለውን ግን ማንም ትጉህ ሰው ሊይዘው ይችላል። «ሳትጫወት» ለሚሉዎት ይህን ይመልሱላቸው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ)

ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የአሜሪካን ቅርጫት ኳስ ሳይ የእንግሊዝኛውን ስርጭት በአማርኛ እየመለስኩ እነግራቸዋለሁ፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ከጨዋታው ወደ ኋላ እቀራለሁ። ይህን በሙያ ደረጃ የሠራ ሰው አለ?

መልስ

አለ፤ ሃይሜ ሃሪን ይባላል። በኢኳዶር ተወልዶ በ1955 ሎስ አንጀለስ ገባ፤ ያኔ ቤዝቦልን አያውቅም ነበር። የሚሠራበት የስፓኒሽ ሬዲዮ የዶጀርስን ጨዋታ ማስተላለፍ ሲጀምር ጊዜ ጠይቆ ጨዋታውን አጠና፤ በ1959 ሥራውን ጀመረ፤ በ2022 እስኪያቆምም 64 የውድድር ዘመናት ሠራ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክለቡ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ የስፓኒሹ ቡድን አይጓዝም ነበርና፣ ስቱዲዮ ተቀምጦ የእንግሊዝኛውን ስርጭት እየሰማ በስፓኒሽ ያስተላልፍ ነበር። እርስዎ ግን ከሃሪን የሚሻል ዕድል አለዎት፤ ምስሉ ፊትዎ ነው። እንግሊዝኛውን ከመከተል ይልቅ ዓይንዎ ያየውን በቀጥታ በአማርኛ ቢናገሩ ወደ ኋላ አይቀሩም።

ከቅርጫት ኳሱ ሰዎች ቺክ ኸርንን ማወቅ ይጠቅምዎታል፤ ከ1965 እስከ 2001 አንድም ሳያጓድል 3,338 የሎስ አንጀለሱን ክለብ የሌከርስን ጨዋታዎች በተከታታይ አስተላልፏል። ውጤቱ መወሰኑን ሲያምን ጨዋታው ፍሪጅ ገብቷል፣ በሩም ተዘግቷል ይል ነበር።

ጥያቄ (ከደሴ፣ መምህር)

የኢትዮጵያ አትሌቶች በእነዚህ ሰዎች ስርጭት ውስጥ ገብተው ያውቃሉ?

መልስ

ለምሳሌ የሙኒክ ኦሎምፒክን፣ 1972ን እንውሰድ። ለአሜሪካው ቴሌቪዥን ኤ ቢ ሲ የሚሠራው ጂም ማኬይ ሴፕቴምበር 5 ቀን የእስራኤል ስፖርተኞች ሲታገቱ የዋና ልብሱ ላይ ሱሪ ደርቦ ወደ ስቱዲዮ ሮጠ፤ ለበርካታ ሰዓታት በአየር ላይ ከቆየ በኋላም ሁሉም መሞታቸውን ለአሜሪካ ሕዝብ ያረዳው እሱ ነው። ከአምስት ቀን በኋላ በተካሄደው ማራቶን አንድ አጭበርባሪ ወጣት ከመሪው ቀድሞ ስታዲየም ሲገባ፣ ከማኬይ ጋር የነበረው ተንታኝ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ኤሪክ ሲጋል፣ ሰውየውን ከሜዳ አስወጡት እያለ ጮኸ። ውድድሩን አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሲያሸንፍ፣ የሜክሲኮው ባለወርቅ ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ሆኖ ነሐስ ወሰደ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ከሴቶች ማን አለ?

መልስ

ዲሴምበር 27 ቀን 1987 ጌይል ሲሬንስ የአሜሪካን ብሔራዊ ፉትቦል ሊግ (ኤን ኤፍ ኤል) ጨዋታ በዋና አስተላላፊነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ሆኖም ያ ጨዋታ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ነበር። ሁለተኛዋ ሴት፣ ቤት ሞውንስ፣ የመጣችው 30 ዓመት ያህል ቆይታ በ2017 ነው። በቅርጫት ኳስ የቀድሞዋ የኮሌጅ ተጫዋች ዶሪስ በርክ በ2024 በኤን ቢ ኤ (በአሜሪካ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ሊግ) ፍጻሜ የቴሌቪዥን ተንታኝ ሆና ሠርታለች፤ በዚያ ደረጃ ከእሷ በፊት የተቀመጠች ሴት አልነበረችም።