መልስ፦ የእናቴ ጭንቀት ለልጄ ይተላለፍ ይሆን?

እህቴ፣ «እናቴም እኔም የጭንቀት ሕመም አለብን፤ ልጄስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ስጋትሽ ይገባኛል። ጭንቀት በዘር ይሄዳል፤ ግን እንደ ዓይን ቀለም አይደለም። የመንትዮች ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በሰዎች መካከል ካለው የጭንቀት ልዩነት ከ30 እስከ 40 በመቶ ገደማው ብቻ ነው ከዘር የሚመጣው። ዘር ይበልጥ በሚበረታበት በስኪዞፍሬኒያ (ሰውን ከእውነታ በሚያርቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም) እንኳ፣ አንድ ወላጅ ቢታመም ከ10 ልጆች 9ኙ ገደማ አይያዙም።

ልጆች ፍርሃትን አይተውም ይማራሉ። እናቴ ማታ ስልክ ሲጠራ መርዶ መስሏት ትደነግጥ ነበር። እኔም እስከ ዛሬ ልቤ ይመታል። ስለዚህ ልጅሽ ፊት ስትጨነቂ «ፈራሁ፣ ግን ያልፋል» በያት። የዘር እርግማን ነው የሚሉሽን አትስሚ። እንቅልፍ ከነሳሽ ሐኪም አማክሪ፤ የእናትሽንም ታሪክ ንገሪው። ጠበል ብትሄጂም መድኃኒትሽን አታቋርጪ፣ እባክሽ።