ዕዳዋ ያላለቀ መኪናን በመርከብ ይዞ መሄድ፦ ከመፈረምዎ በፊት

ጥያቄ፦ በሥራ ምክንያት ከነቤተሰቤ ወደ ሌላ አገር ልዛወር ነው። መኪናዬን በመርከብ አስጭኜ ልወስዳት አስቤያለሁ። የገዛኋት በባንክ ብድር ሲሆን ገና የአንድ ዓመት ተኩል ክፍያ ይቀራል። ያነጋገርኩት ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት «ከቤትዎ ተረክበን እዚያ ቤትዎ ድረስ እናደርሳለን፤ ኢንሹራንስም ዋጋው ውስጥ አለ፤ የቤት ዕቃም ውስጧ መጫን ይችላሉ» ብሎኛል። የሰጠኝ ውል ላይ ግን «ድርጅቱ የሚሠራው በወኪልነት ብቻ ነው» የሚል አንቀጽ አየሁ። ቀብድ ከፍያለሁ፣ ውሉን ግን አልፈረምኩም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እንኳንም አልፈረሙ። ያቺ ያነበቧት አንድ መስመር ከውሉ ሁሉ የከበደችው ናት። ወደ እሷ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን መኪናዋ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ ማለቅ ያለባቸው ሁለት ጉዳዮች አሉ።

አንደኛው የባንኩ ነው። ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ መኪናዋ የባንኩ መያዣ ናት። ሊብሬው በስምዎ ቢሆንም ከአገር ለማስወጣት የእርስዎ ፍላጎት ብቻ አይበቃም። አብዛኛው የብድር ውል ያለ አበዳሪው የጽሑፍ ፈቃድ መያዣውን ከአገር ማስወጣት ይከለክላል። ይህን የጣሰ ሰው ቀሪውን ዕዳ በአንድ ጊዜ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል። በብዙ አገሮች መያዣን ማሸሽ በወንጀልም ያስጠይቃል። ጉምሩክም ዝም ብሎ አያሳልፍም። ለምሳሌ ከአሜሪካ በባሕር የሚወጣ ያገለገለ መኪና፣ ከነባለቤትነት ሰነዱ ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት ለጉምሩክ መቅረብ አለበት። ዕዳ ካለበት ደግሞ አበዳሪው መውጣቱን የፈቀደበት ደብዳቤ ይጠየቃል።

የባንኩ ሠራተኛ በስልክ «ችግር የለውም» ቢልዎት አይቀበሉ። ደብዳቤው የሻንሲ ቁጥሩን፣ የምትሄድበትን አገርና የባንኩን ማኅተም ይያዝ። በእኔ በኩል፣ አቅም ካለዎት ቀሪውን ዕዳ ጨርሰው የመያዣው ምዝገባ ከተሰረዘ በኋላ ቢጭኗት እመርጣለሁ። መኪናዋ ባሕር ላይ ሳለች አንድ ነገር ብትሆን ዕዳው አብሮ አይሰምጥም፤ መክፈልዎን ይቀጥላሉ። ኢንሹራንስ ቢከፍል እንኳ ገንዘቡ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ባንኩ ነው።

ሁለተኛው የሚሄዱበት አገር ፈቃድ ነው። መኪናዋ ወደብ ከደረሰች በኋላ «አትገባም» ቢባል የሚከስሩት እርስዎ ነዎት። መመለሻውን፣ የወደብ ኪራዩን፣ ሲብስም ማስወገጃውን የሚከፍል ሌላ ሰው የለም። አንዳንድ አገር የመኪናውን ዕድሜ ይገድባል። አንዳንዱ መሪው በየትኛው ጎን እንዳለ ያያል። አንዳንዱ የጭስና የደኅንነት ደረጃ ማረጋገጫ ይጠይቃል። አሜሪካን ብንወስድ፣ የአገሪቱን የደኅንነት ደረጃ አሟልታ ያልተሠራች መኪና 25 ዓመት ካልሞላት በቀር በቋሚነት የምትገባበት መንገድ በጣም ጠባብ ነው።

ቀረጡም እንዲሁ። ብዙ አገሮች መኖሪያውን ለሚያዛውር ሰው የግል መኪናውን ከቀረጥ ነጻ ያስገቡለታል፤ ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። የአውሮፓ ኅብረትን ደንብ ልጥቀስ፤ ደንብ ቁጥር 1186/2009 ይባላል። በመርሁ መሠረት አመልካቹ ቢያንስ 12 ወር በተከታታይ ከኅብረቱ ክልል ውጭ የኖረ መሆን አለበት። መኪናውም ከመዛወሩ በፊት ቢያንስ ለ6 ወር በእጁ ሆኖ የተጠቀመበት መሆን ይኖርበታል። ካስገባ በኋላ ደግሞ ለ12 ወር ሊሸጠው፣ ሊያከራየው፣ ሊያውሰው ወይም በመያዣ ሊሰጠው አይችልም፤ ካደረገ ቀረጡ ይመጣበታል። መጨረሻ ላይ ያለችውን ቃል ልብ ይበሉ። ዕዳ ያለባት መኪና ስትሆን ይህንን ጥያቄ ቀድመው ለጉምሩኩ ማቅረብ አለብዎት። እርስዎ የሚሄዱበት አገር የራሱ ደንብ አለው። ለጉምሩኩ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የተሠራችበትን ዓመትና በስምዎ የተመዘገበችበትን ቀን ጽፈው ይላኩ። መልሱንም በጽሑፍ ያግኙ። አስተላላፊው «እዚያ እናውቃለን» ማለቱ የጉምሩክ ፈቃድ አይሆንም።

አሁን ወደዚያች አንቀጽ።

«በወኪልነት ብቻ» ማለት ድርጅቱ መኪናዋን ለማጓጓዝ ቃል አልገባም ማለት ነው። ቃል የገባው አጓጓዥ ሊያፈላልግልዎት ነው። መኪናዋ ብትጎዳ «እኔ አገናኝ ነኝ፣ የመርከቡን ባለቤት ጠይቅ» ይልዎታል። የመርከብ ድርጅቱ ደግሞ እርስዎን ላያውቅዎት ይችላል። ሰነዱ ላይ የጫነው ሰው ተብሎ የተጻፈው አስተላላፊው ራሱ ከሆነ በሁለቱ መሐል ተንጠልጥለው ይቀራሉ። በቃል «ቤትዎ ድረስ እናደርሳለን» ብሎ በወረቀት «ወኪል ነኝ» ማለት አብሮ አይሄድም። ፍርድ ቤት በብዙ ቦታ ድርጅቱ በተግባር ያደረገውን፣ ያስከፈለበትን መንገድና በስሙ ያወጣውን ሰነድ አይቶ አጓጓዥ ነው ሊል ይችላል። ግን ለዚህ ክርክር ለምን ይዳረጋሉ? አንቀጹ ይውጣ፤ በምትኩ «ድርጅቱ ከርክክብ እስከ ርክክብ በአጓጓዥነት ኃላፊ ነው» ተብሎ ይጻፍ። እምቢ ካሉ ሌላ ድርጅት ይጠይቁ።

ዋናው ወረቀት የጭነት ሰነዱ፣ ቢል ኦፍ ሌዲንግ የሚባለው ነው። ረቂቁን ከመውጣቱ በፊት እንዲልኩልዎት ይጠይቁና አጠገብዎ ሊብሬውንና ፓስፖርትዎን ዘርግተው ያንብቡት። ተረካቢው ስም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው፤ ጣትዎን እያስቀመጡ አንድ በአንድ ያመሳክሩ። አንድ «8» «ቢ» ሆና ብትጻፍ፣ እርማቱ መጥቶ እስኪያልቅ መኪናዋ ወደብ ላይ ኪራይ እየቆጠረች ትቆማለች። ከታች ማን በአጓጓዥነት እንደፈረመ ይዩ። የመርከብ ኪራዩ መከፈሉ ሰነዱ ላይ መስፈሩንም ያረጋግጡ። ይህቺ የመጨረሻዋ ብዙ ሰው አስለቅሳለች። ደንበኛው ለአስተላላፊው ሙሉ ይከፍላል፤ አስተላላፊው ለመርከብ ድርጅቱ አይከፍልም። መርከቡም መኪናዋን ይይዛል፤ በብዙ አገሮች ሕጉ ኪራዩ እስኪከፈለው ዕቃ የመያዝ መብት ይሰጠዋል። ያኔ ሰው መኪናውን ለማውጣት ሲል ሁለተኛ ይከፍላል። ስለዚህ ክፍያውን ይከፋፍሉት፤ ሙሉውን ከመጫኑ በፊት አይስጡ።

ኢንሹራንሱን በተመለከተ ረጋ ብለን እንየው። ሰዎች «ቢጠፋ አጓጓዡ ይከፍለኛል» ይላሉ። ይከፍላል፤ ግን ሕጉ ጣሪያ አበጅቶለታል። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የሔግ-ቪዝቢ ደንብ በ1979 ፕሮቶኮል እንደተሻሻለው፣ ለአንድ ጥቅል 666.67 ወይም በኪሎ 2 ኤስዲአር፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ይላል። ኤስዲአር የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው። እንግዲህ ያሰሉት፤ 1500 ኪሎ የምትመዝን መኪና ጣሪያዋ 3000 ኤስዲአር ይሆናል። የመኪናዋ የገበያ ዋጋ የቱንም ያህል ቢሆን ከዚያ አያልፍም። በአሜሪካ የ1936 የባሕር ጭነት ሕግ ደግሞ ጣሪያው ለአንድ ጥቅል ወይም ለተለመደው የጭነት መለኪያ 500 ዶላር ነው። ከጣሪያው በላይ ለመጠየቅ ከመጫኑ በፊት የዕቃውን ዋጋ አሳውቆ ሰነዱ ላይ ማስጻፍ ይቻላል፤ ግን ተጨማሪ ያስከፍላል።

ከዚህም ሌላ አጓጓዡ ጭራሽ የማይጠየቅባቸው ምክንያቶች አሉ። እሳት አንዱ ነው፤ በዚሁ ደንብ አጓጓዡ በእሳት ለደረሰ ጉዳት የሚጠየቀው ጥፋቱ የራሱ ከሆነ ብቻ ነው። ፌሊሲቲ ኤስ የተባለችው መኪና ጫኝ መርከብ በየካቲት 2022 (እ.ኤ.አ.) አዞረስ ደሴቶች አጠገብ ተቃጥላ፣ 4000 ገደማ መኪኖች እንደያዘች ሰጥማለች።

እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የሚያድንዎ የራስዎ የባሕር ጭነት ኢንሹራንስ ነው። «ዋጋው ውስጥ አለ» ከተባለ የምስክር ወረቀቱን ያሳዩኝ ይበሏቸው። በስምዎ ነው? የሻንሲ ቁጥሩ አለበት? የተገመተው ዋጋ ስንት ነው? ሽፋኑ ለሁሉም አደጋ ነው ወይስ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ስትጠፋ ብቻ? በርካሽ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ የኋለኛው ነው። በእሱ መስታወቱ ቢሰበር፣ በሩ ቢጎደጎድ፣ ጎኗ ቢፋቅ ምንም አያገኙም። በየቀኑ የሚነዱበት የመኪና ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ የባሕር ጉዞን አይሸፍንም።

ኢንሹራንስ የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ብዙ ሰው ሰምቶት አያውቅም። መርከቡ አደጋ ላይ ወድቆ እሱንና ጭነቱን ለማዳን ወጪ ከተደረገ፣ ወጪውን ባለመርከቡና ባለዕቃዎቹ ሁሉ በየድርሻቸው ይከፋፈሉታል። የጋራ የባሕር ኪሳራ ይባላል። የእርስዎ መኪና አንድ ጭረት ሳይነካት እንኳ ድርሻዎን ወይም ዋስትና ሳያቀርቡ አይለቁልዎትም። በ2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ ስዊዝ ቦይን ከዘጋች በኋላ የሆነው ይኸው ነው። ኢንሹራንስ ያለው ሰው ዋስትናውን ኢንሹራንሱ ይሰጥለታል፤ የሌለው በጥሬ ገንዘብ ያስይዛል።

የቤት ዕቃ ውስጧ መጫኑን ይተዉት። መኪናዋ እየተነዳች በምትገባበት መርከብ፣ ሮሮ በሚባለው፣ አብዛኞቹ ድርጅቶች ይከለክላሉ። ቁልፉ በብዙ ሰው እጅ ያልፋል፣ ዕቃው ቢጠፋ ኢንሹራንሱ አይከፍልም። ጉምሩክ ላይ ያልተመዘገበ ዕቃ ከተገኘ ደግሞ የሚጠየቀው ተረካቢው ነው፤ እሱም እርስዎ ነዎት። ዕቃ አብሮ መሄድ ካለበት ኮንቴይነር ይያዙና እያንዳንዱን ዝርዝሩ ላይ ያስመዝግቡ።

ሲያስረክቡ መኪናዋን አሳጥበው፣ በቀን ብርሃን ዙሪያዋን፣ ጣሪያዋን፣ ጎማዎቿንና ኪሎሜትሯን ፎቶ ያንሱ። የርክክብ ቅጹ ላይ ያለውን ጭረት ሁሉ አስመዝግበው ቅጂውን ይያዙ። ሲረከቡም እንዲሁ። ተረካክበናል ብለው ከመፈረምዎ በፊት ዞረው ይዩ፤ ጉዳት ካለ እዚያው ወረቀቱ ላይ ይጻፉ። ወዲያው የማይታይ ጉዳት ከሆነ በሔግ-ቪዝቢ ደንብ በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ክስ የማቅረቢያው ጊዜ ደግሞ ከርክክብ ቀን ጀምሮ 1 ዓመት ነው። ይህ ዓመት «እየተነጋገርን ነው» ስለተባለ አይቆምም። ድርጅቱ በትህትና ደብዳቤ እየተለዋወጠ ዓመቱን ሊያሳልፍብዎት ይችላል። ድርድሩ ከተጓተተ የጊዜ ማራዘሚያ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ካልሰጡ ክሱን ያስገቡ። የት አገር እንደሚከሰስም ውሉ ላይ አስቀድመው ይዩ። ብዙ ጊዜ ከሁለቱም አገሮችዎ የራቀ ከተማ ይጻፋል፤ ለአንዲት መኪና እዚያ ድረስ ጠበቃ መቅጠር አያዋጣም። ይህችንም እንዲቀይሩ ይጠይቁ።

የከፈሉት ቀብድስ? ደረሰኙን ያውጡና «የማይመለስ» የሚል መኖሩን ይዩ። ከሌለ፣ ውሉም ስላልተፈረመ፣ ለመደራደር ጥሩ ቦታ ላይ ነዎት። የቀብድ ሕግ ከአገር አገር ቢለያይም፣ በቃል የነገሩዎትና በወረቀት ያቀረቡት መለያየቱ ለእርስዎ ጠንካራ መከራከሪያ ነው። ዛሬ ነገ ሳይሉ በኢሜይል እንዲህ ብለው ይጻፉላቸው፦ «በቃል ከቤት እስከ ቤት እንደምታደርሱና ኢንሹራንስ ዋጋው ውስጥ እንዳለ ነግራችሁኛል። ያቀረባችሁት ውል ግን ወኪል ብቻ መሆናችሁን ይላል። አንቀጹ እንዲስተካከልና የኢንሹራንስ ምስክር ወረቀቱ እስከዚህ ቀን እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ፤ ካልሆነ ቀብዴ ይመለስልኝ።» ቀኑን ቁርጥ አድርገው ያስቀምጡ። መልሳቸው በስልክ ከመጣ፣ ያሉትን ጠቅሰው መልሰው በኢሜይል ይላኩላቸው። መልሱ መጥቶ፣ የባንኩም የጉምሩኩም ደብዳቤ እጅዎ እስኪገባ ድረስ ቁልፉን ለማንም አይስጡ።