የፓስፖርት ፎቶ በቴሌግራም፤ ኳንተም ይፈታዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እህቴ ዱባይ ነው የምትሠራው። የፓስፖርቷንና የኮንትራቷን ፎቶ በቴሌግራም እየላከችልኝ እኔ ጋ ይቀመጣል። ኢንክሪፕት የተደረገ ነው ሲባል ስለሰማሁ ብዙም አልተጨነቅኩም ነበር። አሁን ደግሞ ወንድሜ «ኳንተም ኮምፒውተር ሲመጣ ሁሉም ይፈታል፣ ምስጢር የሚባል ነገር አይኖርም» እያለ ያስፈራራኛል። እውነቱን ነው?
ሀ. ከአዳማ

መልስ፦ ወንድምሽ ግማሹን ልክ ነው። ግን ኳንተሙ ይቆይና መጀመሪያ ቴሌግራሙን እንየው፤ ያንቺ ችግር የዛሬ ነውና።

ተራው የቴሌግራም ቻት ይመሰጠራል፣ አዎ። የሚመሰጠረው ግን ከስልክሽ እስከ ኩባንያው ሰርቨር ድረስ ነው፤ ቁልፉም ኩባንያው ጋ አለ። አዲስ ስልክ ገዝተሽ ስትገቢ የድሮው ቻት ሁሉ ተግተልትሎ የሚመጣልሽ ለዚህ ነው። ከቻቶቹ ውስጥ ካንቺና ከእህትሽ ስልክ በቀር ማንም የማይከፍተው «ሴክሬት ቻት» የሚባለው ብቻ ነው፤ እሱም ራስሽ ካልጀመርሽው አይጀመርም፣ ግሩፕ ላይም የለም። ዋትስአፕ ከ2016 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሁሉንም ቻት እንደዚያ ይመሰጥራል። እዚያ ሰው የሚሸወደው ባክአፑ ላይ ነው፤ ባክአፑም እንዲመሰጠር ሴቲንግ ገብቶ ማብራት ይፈልጋል።

አሁን ወደ ኳንተም ኮምፒውተር፤ በአተም መጠን ባሉ ጥቃቅን ነገሮች ባሕርይ ተጠቅሞ የሚያሰላ ሌላ ዓይነት ማሽን ነው። ምስጠራ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው በቆለፉበት ቁልፍ መክፈት ነው። ዛሬ በየስልኩና በየባንኩ ያለው ኤኢኤስ የሚባል የምስጠራ ዘዴ እንዲህ ነው፤ ሁለት ቤልጂየማውያን የነደፉት፣ በ2001 አሜሪካ ደረጃ አድርጋ ያጸደቀችው። ጣጣው ግን ቁልፉን ዱባይ ድረስ ማን ያደርስልሻል? በ1976 ዲፊና ሄልማን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለዚህ ሁለተኛውን መንገድ አመጡ፦ እህትሽ የተከፈተ ጓጉንቸር ትልክልሻለች፣ አንቺ ሳጥኑን በእሱ ቆልፈሽ ትመልሺላታለሽ፣ ቁልፉ ግን ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። በዓመቱ ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን ይህንን በቁጥር ሠሩት፤ አርኤስኤ የሚባለው እሱ ነው። ጓጉንቸሩ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው፣ ቁልፉ ደግሞ ሁለቱ ቁጥሮች። 61ን በ53 ማባዛት ቀላል ነው፣ 3233 ይመጣል። ግን 3233ን ብቻ ሰጥቼሽ የማንና የማን ብዜት ነው ብልሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ ትለፊያለሽ። በሥራ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ 617 አሃዝ ነው። በ2020 ተመራማሪዎች ባለ 250 አሃዙን ሲፈቱ፣ ሥራው ለአንድ ፕሮሰሰር ኮር ብቻውን ቢሰጥ 2700 ዓመት ገደማ የሚፈጅ ነበር።

ፒተር ሾር የሚባል የሒሳብ ሊቅ በ1994 ኳንተም ኮምፒውተር ይህንን ቶሎ ሊፈታው እንደሚችል አሳየ። ቻቶች ዛሬ የሚጠቀሙበት ሌላ ስሌት ቢሆንም እሱም በዚያው መንገድ ይወድቃል። ዘዴው አለ፣ ማሽኑ ግን ገና ነው፤ አሁን ያሉት ትንንሽና ስህተት የሚበዛባቸው ናቸው። ኤኢኤስ ደግሞ ባለ 256 ቢት ቁልፍ ከሆነ ኳንተምም መጥቶ አይበገርም። ስለዚህ «ሁሉም ይፈታል» ውሸት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዛሬ የማይነበበውን ሰብስቦ ማሽኑ እስኪመጣ ማስቀመጥ ይቻላል። ፓስፖርት ይታደሳል፣ ቁጥሩም ይቀየራል፤ የሕመም ታሪክና የመንግሥት ምስጢር ግን ከ20 ዓመት በኋላም ያው ነው። ለዚህ ነው ሲግናል በ2023፣ የአፕል አይሜሴጅ በ2024 ኳንተምን ይቋቋማል የተባለ ምስጠራ የጨመሩት፤ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስትም በነሐሴ 2024 ሦስት አዳዲስ ደረጃዎች አወጣ። አዲስ ሁሉ ግን አስተማማኝ አይደለም፦ ኳንተምን ይቋቋማል ተብሎ ለደረጃ የታጨ ሳይክ የተባለ አንድ ምስጠራ በ2022 በተራ ኮምፒውተር በአንድ ሰዓት ገደማ ተፈታ (የፈቱትም ቤልጂየም ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው፣ ነገሩ እዚያ የተለመደ ሳይሆን አይቀርም)። በዚህ ምክንያት አዲሱን ከአሮጌው ጋር ደርቦ መጠቀም ተለምዷል፤ ሰባሪው ሁለቱንም መስበር አለበት።

ለአሁን ፎቶዎቹን ከተራው ቻት ለሁለታችሁም አጥፊና በሴክሬት ቻት ይላኩልሽ። ቴሌግራምሽ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል አብሪ፣ እህትሽም ታብራ። ደግሞ «በስህተት ያንቺ ስልክ ላይ ኮድ ገብቶብኛል፣ ላኪልኝ» የሚል መልእክት ከመጣ፣ ከእህትሽ አካውንት ቢመጣ እንኳ፣ መጀመሪያ ደውለሽ ድምጿን ስሚ።