ፉት ባላችሁ ቁጥር

ልጆቼ፣ ጎንደር ውስጥ ጥርስ ማከም ስጀምር ብዙ ሰው ጥርስን የሚበላው ትል ነው ብሎ ያምን ነበር። ትሉ እንዲወጣ በጭስ ታጥነው፣ ሕመሙ አልለቅ ሲላቸው ወደ እኔ የሚመጡ እናቶች ነበሩ። አንድም ቀን አላፌዝሁባቸውም። ሕይወት ያለው ነገር ጥርስን እንደሚጎዳ መጠርጠራቸው ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

ጠዋት ከመፋቃችሁ በፊት ጥርሳችሁን በምላሳችሁ ዳብሱት። የሚያሙለጨልጨው ስስ ሽፋን ፕላክ ይባላል፤ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች መኖሪያ ነው። ከእነርሱ አንዱ ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ ነው። ስኳር ሲያገኝ ከፊሉን እንደ ሙጫ አድርጎ ጥርስ ላይ ይጣበቅበታል፤ የቀረውን ተመግቦ ላክቲክ አሲድ ያወጣል። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የፕላኩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 በታች ይወርዳል፤ ያኔ ካልሲየምና ፎስፌት ከጥርሱ ጠንካራ ሽፋን እየሟሙ ይወጣሉ። ምራቅ አሲዱን ያረክሰዋል፣ የወጣውንም ማዕድን ይመልሳል። ለዚህ ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል።

ለምራቃችሁ የምትነፍጉት ይህንኑ ጊዜ ነው። አንድ ተማሪ አራት የፊት ጥርሶቹ ተቦርቡረው መጣ። «ዶክተር፣ እኔ እኮ በቀን ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ በላይ አልጠጣም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ነገር ግን ያችን አንድ ጠርሙስ ከመጽሐፉ አጠገብ አስቀምጦ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ፉት ይላት ነበር። ፉት ባለ ቁጥር አሲዱ እንደ አዲስ ይመረታል፤ ምራቁ ሥራውን ሳይጨርስ ሌላ ይጨመርበታል። ፒያሳ ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበትን ሻይ ለሁለት ሰዓት ስታቆዩት ሳይ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ስኳሩን ቀንሱ፤ ከጠጣችሁም ከምግብ ጋር ጠጥታችሁ ጨርሱት፤ አፋችሁን በውኃ ተጉመጥመጡ።

የወይራ መፋቂያን አልንቅም፤ በትዕግሥት ለሚፋቅበት ሰው ፕላኩን ያነሣል። ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ግን አይተካም። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ የማታውን አትዝለሉ።

ጥርሳችሁ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ ነጥብ ካያችሁ እስኪያማችሁ አትጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ኑ። እዚያ ቦታ ማዕድኑ ሳስቷል እንጂ ጥርሱ ገና አልተቦረቦረም፤ መሰርሰሪያ ሳላነሣ ልናድነው እንችላለን።