መልስ፦ «የጓደኞቼ የሥራ ዜና እንቅልፍ ነሳኝ» ላልሽው

እህቴ፣ የመጨረሻ ዓመት የሒሳብ አያያዝ ተማሪ እንደሆንሽና ጓደኞችሽ ሊንክድኢን በተባለው የሥራ ማኅበራዊ መድረክ ላይ «ተቀጠርን» ሲሉ ልብሽ እንደሚሸበር ጽፈሻል። ምቀኝነት አይደለም፤ በዚህ ራስሽን አትክሰሺ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሊዮን ፌስቲንገር በ1954 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ሰው ራሱን የሚለካበት ቁርጥ ያለ መስፈሪያ ሲያጣ ከሚመስሉት ሰዎች ጋር ራሱን ያነጻጽራል። ሥራ ፍለጋ ደግሞ መስፈሪያ የለውም። ፈተና ውጤት አለው፤ ማመልከቻ ግን ብዙ ጊዜ መልስ እንኳ አይመጣለትም። ስለዚህ ዓይንሽ ወደ ጓደኛሽ ይሄዳል፤ የምታዪውም የተቀጠረችበትን ቀን ብቻ ነው። ማመልከቻዋን ያልተቀበሏትን መሥሪያ ቤቶች ማን ይለጥፋል? ዘመድ እንዳስገባውስ ማን ይጽፋል?

እኔ ብሆን እስከ መውጫ ፈተናው ድረስ መተግበሪያውን ከስልኬ አጠፋው ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ ፈተና 50 ከመቶ ካላመጡ ዲግሪ የለም፤ አሁን በእጅሽ ያለው ፈተናው ነው። ማመልከቻውን በሳምንት አንድ ቀን፣ «ዜሮ ዓመት ልምድ» ለሚሉት ማስታወቂያዎች ብቻ አስገቢ። የተቀጠረችውን ጓደኛሽን እንኳን ደስ ያለሽ በያትና የቅጥሩ የጽሑፍ ፈተና ምን እንደሚመስል ጠይቂያት፤ አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ይናገራሉ። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ግቢሽ የምክር አገልግሎት ቢሮ ሂጂ።