ቡፌው ሲዘፍን፦ የድምፅ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ሰሞኑን የጥያቄ መዓት ነው የደረሰኝ። ግማሹ «ምን ልግዛ?» የሚል ነው። መልሴ አብዛኛውን ጊዜ «ለጊዜው ምንም» ስለሆነ፣ ሱቅ ያላቸው ወዳጆቼ ቢያኮርፉኝ አልፈርድባቸውም። ሰባቱን መርጫለሁ።

«አባቴ የተዉልኝን ሸክላ ማጫወቻ አስጠግኜ ሳሎን ቡፌው ላይ፣ በሁለቱ ስፒከሮች መሃል አስቀመጥኩት። ዝቅ ሳደርገው ግሩም ነው። ከፍ ሳደርገው ግን ‹ኡኡኡ› ማለት ይጀምርና እየባሰበት ይሄዳል። ተበላሽቶ ይሆን?» (ከጀሞ)

አልተበላሸም። ቡፌህ እየዘፈነ ነው።

ክራር ሲመታ አይተሃል። ክሩ ብቻውን እዚህ ግባ የሚባል ድምፅ የለውም። ድምፁን የሚሰጠው ከታች ያለው፣ ቆዳ የተወጠረበት ገበቴ ነው። ቡፌም እንደዚያው ነው፦ ሰፊ፣ ስስ፣ ውስጡ ባዶ። ስፒከሩ ቡፌውን ያንቀጠቅጣል፣ ቡፌው ማጫወቻውን። መርፌው ደግሞ ሥራው መንቀጥቀጥን ወደ ድምፅ መለወጥ ነው፤ የሸክላውን ከቡፌው አይለይም። ሁለቱንም ለአምፕሊፋየሩ ይልካል፣ አምፕሊፋየሩ አጉልቶ ለስፒከሩ ይመልሳል፣ ስፒከሩ እንደገና ቡፌውን… ኡኡታው ይሄ ነው። ሰርግ ላይ ማይክ የያዘው ሰው ወደ ስፒከሩ ሲጠጋ የሚሰማው ጩኸት የቅርብ ዘመዱ ነው።

ለማረጋገጥ ሞተሩን አጥፋ። ሸክላው እንደቆመ መርፌውን አሳርፍበት። ድምፁን ከወትሮህ ትንሽ ዝቅ አድርገህ ቡፌውን በጣትህ ጫፍ ኳ ኳ አድርገው። ከስፒከሩ «ዱም፣ ዱም» ካለህ ጥፋተኛውን አገኘኸው።

መጀመሪያ ሁለቱን ለያያቸው። ስፒከሮቹ የራሳቸው መቆሚያ ይኑራቸው፣ ወይም ማጫወቻው ሌላ ጠረጴዛ ይፈለግለት። የጣውላ ወለል ባለው የድሮ ቤት የምትኖሩ፣ ሰው ባለፈ ቁጥር መርፌው የሚዘልባችሁ ደግሞ፣ ግድግዳ ላይ በደንብ የታሰረ መደርደሪያን የሚያህል መድኃኒት የለም።

ቀጥሎ ነው ከሥሩ ምን ይሁን የሚባለው። ሰው ሁሉ ስፖንጅ ይሸጉጣል። ክብደት ተጭኖት ልጥፍ ካለ ግን ስፖንጁ ከካርቶን አይሻልም። ልስላሴ ብቻውንም አይበቃም። ማንኛውም ለስላሳ ነገር ከተሸከመው ክብደት ጋር ሆኖ በራሱ ፍጥነት ይወዛወዛል። ከዚያ ፍጥነት በደንብ የበለጠውን መንቀጥቀጥ ያግዳል፤ በዚያው ፍጥነት የመጣውን ግን ጭራሽ ያባብሰዋል። የማጫወቻው ክንድና መርፌ ደግሞ የራሳቸው ውዝዋዜ አላቸው፣ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ። ከሥር ያደረግከው ነገር ክብደቱን ተሸክሞ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ዝቅ ካለ ውዝዋዜው ወደ 10 ይጠጋል። ከዝናብ ሸሽቶ ወንዝ ውስጥ መግባት ማለት ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ወደ 5 ይወርዳል፣ ያኔ ሰላም ነው።

እኔ ቤት ያለውን ልንገርህ። የወጥ ቤት እብነ በረድ ከሚቆርጡ ልጆች የተረፈ ቁራጭ ለመንኩ። ከሥሩ የልጆች ብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ ካላማዳሪ የምንለውን፣ ትንሽ ብቻ ነፍቼ አስተኛሁ። ድንጋዩን ከጠረጴዛው ለማንሳት የሚበቃው አየር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አብዝተህ ከነፋኸው እንደ ድንጋይ ይጠጥርና ልፋትህ መና ይቀራል። በእጅህ ጫን አድርገህ ስትለቀው ቀስ ብሎ መወዛወዝ አለበት። ከዚያ ከግንበኛ ውሃ ልክ ተዋስና አስተካክለው። አየሩ ስለሚቀንስ አልፎ አልፎ መንፋት አለ። መልኩ አያምርም፤ ባለቤቴ ጨርቅ አልብሳዋለች።

በነገራችን ላይ፣ መርፌው እንዳይዘል ብለህ ከላዩ ሳንቲም እንዳትለጥፍ። ድሮ የተለመደ ነበር። አብዛኞቹ መርፌዎች የሚፈልጉት ጫና ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም ነው፣ ሳንቲም በቀላሉ እጥፍ ያደርገዋል። አይዘልም፣ እውነት ነው። ሸክላውን ግን ያርሰዋል። ከአባትህ ዕቃ መሃል አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የመሠረተው የአምሃ ሪከርድስ ሸክላ ካለ፣ ያንን ማረስ ኃጢአት ነው።

«ከሥራችን ያሉት ጎረቤት በሰብዉፈራችን ተማረዋል። ከሥሩ የሚደረግ ጎማ ብገዛ ይገላግለኛል?» (ከሰሚት)

በከፊል። ጎማው ከሰብዉፈሩ፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ (ቤዙን) ከሚያወጣው ስፒከር ሳጥን፣ በቀጥታ ወደ ወለሉ የሚገባውን መንቀጥቀጥ ይቀንስልዎታል። በአየር የሚሄደውን ግን አይነካውም፣ እሱ ራሱ ኮርኒሱንና ግድግዳውን ያንቀጠቅጣል። መጋረጃና ምንጣፍም ለቤዝ ምንም አይፈይዱም። የ40 ኸርዝ (በሰከንድ 40 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ) ድምፅ አንዱ ሞገድ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ መጋረጃ ምን ያደርገዋል?

ሰብዉፈሩ ጥግ ላይ ከሆነ ከጥጉ ያውጡት፤ ጥግ ቤዝን ያበዛል። ከዚያ አንድ ቀን ጎረቤትዎ ቤት ይውረዱ። ልጅዎ ከላይ በስልክ እየሰማዎት መቆጣጠሪያውን ቀስ በቀስ ይቀንስ። እዚያ ሳሎን ተቀምጠው የማይረብሽ ሲሆን «በቃ» ይበሉት። መቆጣጠሪያው የቆመበትን ቦታ በጥፍር ቀለም ምልክት ያድርጉበት። ከምሽት በኋላ ከምልክቱ አይለፍ።

«ለስፒከሬ ሾጣጣ የብረት እግር ገዛሁ። ድምፁ አልተለወጠም፣ ሴራሚኩ ግን ተጫረ።» (ከሀዋሳ)

ሾጣጣ እግር መንቀጥቀጥ አያግድም። ሥራው ወፍራም ምንጣፍን በስቶ ስፒከሩ ጠጣሩ ወለል ላይ ሳይነቃነቅ እንዲቆም ማድረግ ነው። ሴራሚክ ላይ ምን ይበሳል? ፍታውና ቀጭን ጎማ አድርግለት። ጭረቱን በስፒከሩ ሸፍነው።

«አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ የ300 ዶላር የስፒከር ገመድ ልልክለት ነው። የትኛውን ትመክረኛለህ?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

የትኛውንም። ለቤት ሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ገመድ 5 ሜትር ሲሄድና 5 ሜትር ሲመለስ ለኤሌክትሪክ ያለው ጠቅላላ መቋቋም 0.07 ኦም ገደማ ነው። የስፒከሩ 8 ኦም ከሆነ ከመቶ አንድም አይሞላ። ጆሮህ አይሰማውም። ቀጭን የስልክ ሽቦ የመሰለ ነገር ከሆነ የዘረጋው፣ እዚያው በሜትር ገዝቶ ይቀይረው።

ብሩ ካለህ ለማጫወቻው የሚሆን ኦርጅናል መርፌ ላክለት። ሞዴሉን ፎቶ አስነስተህ አረጋግጥ እንጂ በግምት አትግዛ። የሸክላ አቧራ መጥረጊያ ብሩሽም ብትጨምርበት ይመርቅሃል።

«ሙዚቃ ሳይኖር እንኳ ‹እምምም› ይላል።» (ከባሕር ዳር)

ያ የመብራታችን 50 ኸርዝ ነው። ሸክላ ማጫወቻ ከሆነ ከገመዱ ጎን የወጣች ቀጭን ሽቦ አለች፤ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ካለው የአርዝ ብሎን ጋር አጥብቅያት። ካላቆመ እስታብላይዘሩ የት ነው ያለው? ውስጡ ትልቅ ጥምጥም ሽቦ ስላለ ራሱም ይንቀጠቀጣል፣ አጠገቡ ያለውንም ይበክላል። ከማጫወቻው ራቅ አድርጊው። የሶኬቱን አርዝ መቁረጥ ግን፣ ማንም ቢመክርሽ፣ አይሆንም። ሰው ይገድላል።

«ለሲዲ ማጫወቻ ልዩ እግር ያስፈልጋል?» (ከአዳማ)

ካልዘለለ አያስፈልግም። ሲዲ ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ ትንሽ ሲሳሳት ማጫወቻው ራሱ ያርመዋል።

«አንደኛው ስፒከር አንዳንድ ዘፈን ላይ ‹ዝዝዝ› ይላል። ሠሪ ጋ ልውሰደው?» (ከደሴ)

ቆይ፣ አትውሰጂው። ስልክሽ ላይ ድምፅ አመንጪ አፕ ጫኚና ከስፒከሩ ጋር አገናኝተሽ ከ20 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ እያልሽ ውጪ። ድምፁን መካከለኛ አድርጊው። «ዝዝዝ» ያለበት ቁጥር ላይ አቁሚና እየዞርሽ ዕቃውን ሁሉ በእጅሽ ያዝ ያዝ አድርጊ። የቡፌው መስታወት፣ ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች፣ የመጋረጃው ብረት። ስትይዢው ዝም ያለው እሱ ነው። ትንሽ ስፖንጅ ወይም ሶፍት ሸጉጪበት።

እኔ አንዴ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስፒከር ፈትቼ ብሎን ስቆጥር አመሸሁ። መልሼ ገጥሜ ሳጫውተው አሁንም «ዝዝዝ»። ለካ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሰርጋችን ፎቶ መስታወት ነበር።